ጎማ የሌለው ፉርጎ

ነገሩ የጀመረው አንድ ቃል በመሳሳቴ ነው።

ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ዌርሃውስ ደጃፍ ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ትራክ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ግማሹ ሥራ መንዳት ነው፣ ግማሹ መጠበቅ። ጭነቴን የማራግፍበት በር እስኪለቀቅ ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቅ ተባልኩ። ውጭው በረዶ ነው። መጠበቂያ ክፍሏ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ቡና ቀድተው ሰጡኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እርስዎስ ስላቸው፣ «እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባቴም እዚሁ ነው የተወለደው። ያመጣን አያቴ ነው፤ ትራኬሮ ነበር» አሉኝ።

እኔ «ትራከር» ያሉኝ መስሎኝ፣ «እንደኔ ሾፌር ነበሩ ማለት ነዋ!» አልኳቸው። ሳቁ። «አይ ልጄ፣ እሱ እንኳን ትራክ፣ ትንሽ መኪናም ነድቶ አያውቅም። የሐዲድ ሠራተኛ ነበር።»

ቃሉ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው ሐዲዱንም «ትራክ» ይለዋል። የሜክሲኮ ሠራተኞች ያንን ወስደው በራሳቸው ምላስ «ትራኬ» አሉት። እዚያ ላይ የሚሠራው ደግሞ «ትራኬሮ» ሆነ። እኛም እኮ እንዲሁ አድርገናል። ለገሃር የምንለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ፉርጎም ፈረንሳይኛ ነው። ለአፋችን አመቻችተን አስቀረነው።

ሽማግሌው በዚያች ቀን ብዙ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ስነዳ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ስቆም በስልኬ እያነበብኩ ብዙ ወራት አለፉ። ይህን ሁሉ ዓመት በኢሊኖይ፣ በአይዋ፣ በካንዛስ ስመላለስ ከመንገዴ ጎን የሚሄደውን ሐዲድ አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ግን ሳላይ ማለፍ አልችልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ፖርፊሪዮ ዲያዝ አገሪቱን በሚገዛበት ዘመን ገበሬው መሬቱን ለባለሀብትና ለኩባንያ አጥቷል። በ1884 ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲ ተነስቶ እስከ አሜሪካ ድንበር፣ እስከ ኤል ፓሶ አፋፍ የሚደርስ ባቡር ተዘረጋ። ገንዘቡ በአብዛኛው የአሜሪካ ባለሀብቶች ነበር። ሐዲዱን የዘረጉት ብሩን፣ መዳቡንና ሌላውን ሀብት ወደ ሰሜን ለማውጣት ነው፤ ሰውም በዚያው ወጣ። ድሮ በእግርና በበቅሎ የማይታሰብ የነበረ መንገድ የቀናት ጉዞ ሆነ። በ1910 አብዮቱ ሲፈነዳ ደግሞ የሚሸሸው ሰው በዛ።

በሰሜን በኩልም ሰው ይፈለግ ነበር። የምዕራቡን ሐዲድ በመሥራት የታወቁት ቻይናውያን በ1882 በወጣ ሕግ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በ1907 ደግሞ ከጃፓን ጋር በተደረገ ስምምነት የጃፓን የጉልበት ሠራተኛ መምጣቱ ቆመ። ሐዲዱ ግን ሠራተኛ የለም ብሎ አይጠብቅም። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጠጠሩ ይሸሻል፣ ብረቱ ይጣመማል። ስለዚህ ኤል ፓሶ ላይ ደላሎች ቆሙ። በስፓኒሽ «ኤንጋንቺስታ» ይሏቸዋል፤ ቃሉ የመጣው ከመንጠቆ ነው። ከድንበር የተሻገረውን ሰው እዚያው ይቀበሉታል፣ ያስፈርሙታል፣ ባቡር ላይ ጭነው ወደ ካንዛስ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ይልኩታል። ብዙው ሰው ማንበብ አይችልም፤ የፈረመው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚወርድበትንም ከተማ ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም።

ድንበሩ ላይ የሆነውን ሳነብ አንድ ቀን ትራኩን አቁሜ ትንሽ ተቀምጫለሁ። ኤል ፓሶ ላይ ከሜክሲኮ የሚሻገረውን ሰው ልብሱን አስወልቀው፣ ቅማል ታመጣላችሁ እያሉ፣ ላምባና ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ያጥቡት ነበር። በጥር 1917 ካርሜሊታ ቶሬስ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ፣ ከሁዋሬዝ ወደ ኤል ፓሶ እየተሻገረች በሰው ቤት የምትሠራ፣ አልታጠብም አለች። ድልድዩ ላይ በትራም የመጡትን ሌሎች ሴቶችም አሳመፀች። በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ድልድዩን ዘጉት። ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቤት ሲያፀዱ የሚውሉ። እነሱን ነው ቆሻሻ ያሏቸው። እጥበቱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

ወደ ሥራው ልመለስ። «ሐዲድ ሠራተኛ» ስንል ቀለል አድርገን እናልፈዋለን። የቀን ሥራ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ያስበው። ሐዲዱ የሚያርፍበት አንዱ አግዳሚ እንጨት ወደ 90 ኪሎ ይመዝናል። እንዳይበሰብስ የተነከረበት ጥቁር ዘይት በበጋ ሙቀት ቆዳ ያቃጥላል። የአንድ ሐዲድ ርዝመት በ1920ዎቹ 12 ሜትር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ ከ500 ኪሎ በላይ። ክሬን የለም። ሰዎች በመቆንጠጫ ይዘው፣ ግራና ቀኝ ቆመው፣ በአንድ ድምፅ ነው የሚያነሱት። አንዱ ቀድሞ ከለቀቀ የሌላው እግር ይሄዳል። ከዚያ በዶማ መቆፈር፣ በአካፋ ጠጠር መሙላት፣ ከእንጨቱ ሥር ጠጠሩን መጠቅጠቅ፣ ችንካሩን በመዶሻ መምታት፣ የሸሸውን ሐዲድ በድጅኖ ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ አለ። አንድ ቡድን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይሰጠውና ዓመቱን ሙሉ እሱን ሲጠብቅ ይኖራል። ክረምት በረዶውን ይጠርጋል፣ በጋ በሙቀት የተጣመመውን ብረት ያቃናል። ከላይ ካቦ አለ። ካቦው ብዙ ጊዜ ሜክሲኳዊ አይደለም፤ ስንት ዓመት ቢሠራም ትራኬሮው ካቦ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር።

ክፍያው? በ1900ዎቹ መጀመሪያ በቀን አንድ ዶላር ገደማ። ያው ሥራ ላይ ግሪኩም ጃፓኑም ከሱ ይበልጥ ያገኝ ነበር። በ1928 እና 29 የምዕራቡ ዘጠኝ ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ ከሚሠሩት ውስጥ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ሜክሲኳውያን ነበሩ። አሜሪካ ያን ጊዜ የምትበላው ብርቱካን፣ የምትጋግረው ስንዴ፣ የምታቃጥለው ከሰል በነዚህ ሰዎች እጅ ላይ ነው ያለፈው።

ዝም ብለውም አልተቀመጡም። በሚያዝያ 1903 ሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ የከተማ ባቡር ሐዲድ ይዘረጉ የነበሩ የሜክሲኮ ሠራተኞች መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ። በሰዓት 17 ሳንቲም ተኩል ነበር የሚከፈላቸው፤ 20 ሳንቲም ይሁንልን ነው ያሉት። ሁለት ሳንቲም ተኩል! ኩባንያው እምቢ አለና በምትካቸው ሌላ ሰው አመጣ። ያን ጊዜ ሚስቶቻቸው፣ እናቶቻቸው፣ እህቶቻቸው ሄደው ከተተኪዎቹ እጅ ላይ አካፋና ዶማውን ነጠቁ። አድማው አልተሳካም። እኔ ግን የነዚያን ሴቶች ነገር ሳነብ የእናቴ ሰፈር ሴቶች መጡብኝ።

አሁን ፉርጎው ጋ ደረስኩ። ሽማግሌውም ብዙ ያወሩልኝ ስለሱ ነው።

የባቡር ኩባንያዎቹ ለሠራተኛው ቤት አልሠሩለትም። ያረጀ የዕቃ ፉርጎ ሰጡት። ርዝመቱ ከ11 እስከ 12 ሜትር፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር የማይሞላ የእንጨት ሳጥን በሉት። እህል ወይም ከብት ሲጫንበት ኖሮ አሮጌ ሲሆን ለሰው ተሰጠ። አንዳንዱ ፉርጎ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ መሀሉን በብርድ ልብስ ከፍለው። ግድግዳው ቀዳዳ አለው። ካምፑ የሚሠራው ሐዲዱ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ማታ ባቡር ሲያልፍ ሳህኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ውሃ የሚቀዳው ከባቡር ጣቢያው ቧንቧ ነው።

የኩባንያው ሐሳብ ግልጽ ነው። ፉርጎ ጎማ አለው። ሥራው ወዲህ ሲሆን ፉርጎው ወዲህ ይሳባል፣ ወዲያ ሲሆን ወዲያ። ሰውየውም አብሮ ይሳባል። ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። ሠራተኛውም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያስበው። ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ጥቂት ይዤ፣ አገሬ ገብቼ በሬ ልግዛ። ሽማግሌው አያታቸው እስኪሞቱ ድረስ «የዛሬ ዓመት» ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። የዛሬ ዓመት እንገባለን። ይህን ሲሉኝ ቡናዬን አስቀመጥኩ። እኔም አሜሪካ ስመጣ ለአምስት ዓመት ነው ብዬ ነበር። አሥራ አንደኛው ነው።

ኩባንያዎቹ ግን አንድ ነገር አዩ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ሥራ ይለቃል፤ ሚስትና ልጅ ያለው አይለቅም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ መምጣትን ማበረታታት ጀመሩ። ኩባንያው ያሰበው ጉልበቱ እንዳይሸሽበት ነው። ሴቶቹ ሲመጡ የሆነው ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል።

የሽማግሌው አያት፣ ሴቷ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የፉርጎውን ግድግዳ ከውስጥ በጋዜጣ መለጠፍ ነበር። በዱቄት ሙጫ ተደርቦ ተደርቦ እንደ ካርቶን እስኪወፍር። ነፋሱ ቀረ። ከዚያ ጣራውን ቀደው የምድጃ ጭስ ማውጫ አወጡ። ከዚያ ከፉርጎው ጎን ያለውን ከሰል የጠቆረ መሬት ቆፍረው፣ የፈረስ ፋንድያ አምጥተው፣ ቃሪያ ተከሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በቆሎ። የስብ ቆርቆሮ ላይ አበባ። ዶሮ። ማታ በላምባ ፋኖስ፣ ጠዋት ገና ሳይነጋ ቶርቲያ የሚሉትን ቂጣ ይጋግራሉ፤ ለባላቸው ብቻ ሳይሆን ሚስት ለሌላቸው አራት ሠራተኞች ጭምር፣ በክፍያ። ልብሳቸውንም ያጥባሉ። ያ በከሰልና በጥቁር ዘይት የተለወሰ ልብስ በእጅ ነው የሚታጠበው። የባልየው ቀን አንድ ዶላር ቤቱን እንዳልቻለ፣ ቤቱን የያዙት እሳቸው እንደሆኑ ሽማግሌው ደጋግመው ነገሩኝ።

አንድ ቀን ታዲያ የካምፑ ሰዎች ተሰብስበው የፉርጎዎቹን ጎማ አወለቁ። አስፈቅደው ይሁን በራሳቸው፣ ሽማግሌው አያውቁም። ብቻ ፉርጎዎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። አያታቸው ያን ቀን ዶሮ አርደው ነበር ይባላል።

ይህ ነገር በአንድ ካምፕ ብቻ የሆነ አይደለም። በመላው ካንዛስ፣ አይዋና ኢሊኖይ የባቡር ከተሞች ውስጥ እንዲሁ ተቀምጦ ሰፈር የሆነ ካምፕ ነበር። በአንዳንዱ ሁለት ፉርጎ ገጥመው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ካንዛስ ያለችው ቶፒካ ውስጥ የትራኬሮዎቹ ሰፈር የጓዳሉፔ እመቤታችን ደብርን መሠረተ፤ ደብሩ በ1933 የጀመረው በዓል ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲከበር ኖሯል። እዚያው ካንዛስ፣ ኒውተን ላይ ደግሞ የሐዲድ ሠራተኛ ልጆች በ1940ዎቹ የጀመሩት የሶፍትቦል ውድድር አለ። በከተማው ቡድን ስላልፈለጓቸው የራሳቸውን ጀመሩ።

ግን መሬት ላይ መቀመጥ ብቻ አላዳናቸውም። በ1929 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ጣት ወደነሱ ተቀሰረ። ሥራችንን ወሰዱ፣ እርዳታ ይበላሉ ተባለ። በየካቲት 1931 ሎስ አንጀለስ መሀል፣ ላ ፕላሲታ የሚባለውን አደባባይ ፖሊስና የኢሚግሬሽን ሰዎች ከበው ሰውን ወረቀትህን አምጣ አሉት። በመጋቢት ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ትኬቱን እየከፈለ ሰዎችን በባቡር ወደ ሜክሲኮ መላክ ጀመረ። በሌሎችም ከተሞች እንዲሁ ሆነ። በዚያ ዘመን ስንት ሰው እንደሄደ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ግምታቸው ከጥቂት መቶ ሺዎች እስከ ሁለት ሚሊዮን ይደርሳል። ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ፣ ዜጋ የሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ሜክሲኮን አይተዋት አያውቁም። አባትየው ችንካሩን በመታበት ሐዲድ ላይ ነው ልጆቹን የመለሷቸው። የካሊፎርኒያ ግዛት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ያን ጊዜ ከተመለሱት አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

ባለፈው ግንቦት ሲልቪስ ሄድኩ። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዋልኮት ላይ፣ ከዓለም ትልቁ የሚባለው የትራክ ማረፊያ ጋ ብዙ ጊዜ አድራለሁ፤ ከዚያ ሲልቪስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ዓመት በአጠገቧ አልፌአለሁ።

ሲልቪስ የሮክ አይላንድ ባቡር ትልቅ ጋራዥ የነበረባት ናት። ከሜክሲኮዋ ጓናጁዋቶ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በባቡር ግቢው ውስጥ በፉርጎ ይኖሩ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከግቢው ውጡ ተባሉ። አንዳንዶቹ ያንኑ ፉርጎ ገዝተው፣ ከከተማው ዳር ባለ፣ «ሁለተኛ መንገድ» በሚባል ጭቃ ላይ ቤት አደረጉት። መንገዱ አጭር ነው፤ በእግሬ ስሄድ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከዚህች መንገድ ወጣቶች ተከታትለው ዘመቱ። ከዚያ ኮሪያ መጣ። ስምንቱ አልተመለሱም። ሁለቱ፣ ፍራንክና ጆሴፍ ሳንዶቫል፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዊሊያም ሳንዶቫል፣ ቶኒ ፖምፓ፣ ክላሮ ሶሊስ፣ ፒተር ማሲያስ፣ ጆሴፍ ጎሜዝ፣ ጆን ሙኞስ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኮሪያ ላይ ነው የወደቁት። እኛም ኮሪያ ልጆቻችንን ልከናልና የኮሪያን ስም እዚያ ሳይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጆቹ ከሞቱ በኋላም መንገዱ ለብዙ ዓመታት አስፋልት አልነበረውም። ጆ ቴሮኔዝ የሚባል የሲልቪስ ልጅ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲወተውት ኖሮ ነው በስተኋላ መንገዱ «የጀግኖች መንገድ» የተባለው፣ መታሰቢያ ፓርክም የተሠራለት። ፓርኩ ያለው ልጆቹ ሲጫወቱበት ያደጉበት ኮረብታ ላይ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ማንም አልነበረም። ኮረብታው በእውነት ትንሽ ነው። ልጅ ሲሆኑ ግን ተራራ ይመስላቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። በረዶ ሲጥል ቁልቁል የሚንሸራተቱበት፣ ማታ እናቶቻቸው ስማቸውን እየጠሩ የሚያስወርዷቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ።

ልጆቹ ሲዘምቱ ሐዲዱ ሰው አጣ። አሜሪካ በ1931 የመለሰችውን ሕዝብ በ1943 እንደገና ጠራችው። ብራሴሮ በሚባለው ስምምነት ከ1943 እስከ 1945 ከመቶ ሺህ በላይ ሜክሲኳውያን ለባቡር ብቻ ተቀጥረው መጡ። ውሉ ላይ አንድ ነጥብ ነበረ። ከደመወዛቸው አንድ አሥረኛው ተቆርጦ ሜክሲኮ ባንክ ይቀመጥላቸዋል፤ ሲመለሱ ይወስዱታል። አሥራት በሉት። ተቆረጠ። ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ ገንዘቡን አላገኙም። ባንክ ሲሄዱ እኛ ጋ የለም ተባሉ። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ሠራተኞቹ ስለዚህ ገንዘብ የመሠረቱት ክስ በስምምነት አለቀና የሜክሲኮ መንግሥት አሜሪካ ለሚኖሩት ለያንዳንዳቸው 38 ሺህ ፔሶ፣ ያን ጊዜ 3,500 ዶላር ገደማ፣ እከፍላለሁ አለ። ማስረጃ ግን አምጡ ተባለ። የ1940ዎቹን የሥራ ውል ወይም የደመወዝ ወረቀት።

የሽማግሌው አጎት ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ፎርሙን የሞሉላቸው እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱን ሙሉ ፈለጉ፤ ሣጥን፣ ፍራሽ ሥር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መሀል። ውሉ የለም። የተገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶውን ስልካቸው ላይ አሳዩኝ። አንድ የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ ሐዲድ ላይ ቆሟል። አካፋውን እንደ ጠመንጃ ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ለፎቶው ብሎ ነው። ጫማው ግን አፉ ተከፍቷል፣ በሽቦ አስሮታል። ከኋላው ፉርጎ አለ፤ በሩ ላይ የተሰጣ ልብስ ይታያል። «ይሄ ማስረጃ አይሆንም አሉን» አሉኝ ሽማግሌው። «ሐዲድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሐዲድ ሠራተኛ አይደለም አሉን።» አጎታቸው በሁለተኛው ዓመት አረፉ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው በር 14 ብሎ ጠራኝ። ተነሳሁ፣ እጃቸውን ጨበጥኩ፣ ወጣሁ።

ቤት ስገባ መሳቢያዬን አራገፍኩ። ከመጀመሪያ ሥራዬ ጀምሮ ያሉት የደመወዝ ወረቀቶች ግማሾቹ ጠፍተዋል። ያገኘኋቸውን በዓመት በዓመት ደርድሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ምን እየሠራህ ነው አለችኝ። ስለ ጫማው ነገርኳት።